ከልጁ ጎን የተቀመጠውን ማን ያየዋል?

አሜሪካ ውስጥ ኦቲዝም ያለበት የ4 ዓመት ልጅ የባህርይ ሕክምና ሲጀምር ወላጆቹ የሚተዋወቁት ከሁለት ሰዎች ጋር ነው። አንዷ ሁለተኛ ዲግሪ ያላት፣ ልጁን ገምግማ የሕክምናውን ዕቅድ የምታወጣው ባለሙያ ናት። ሌላው በየቀኑ እየመጣ ምንጣፍ ላይ ከልጁ ጋር የሚቀመጠው ወጣት ቴክኒሻን ነው። ይህ ወጣት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ያጠናቀቀ፣ የ40 ሰዓት ሥልጠና ወስዶ ፈተና ያለፈ ነው፤ ሥራውን ለመጀመር ከዚያ በላይ እንዲማር ደንቡ አያስገድደውም። ልጁ በሳምንት 25 ሰዓት የሚታከም ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ከዚህ ወጣት ጋር ነው። ዕቅዱን ያወጣችው ባለሙያ ደግሞ ሌሎች ብዙ ልጆችም አሏት።

ባለሙያዋ ቴክኒሻኑን የምትከታተልበት፣ የምታርምበትና የምታሠለጥንበት ሥራ ሱፐርቪዥን ይባላል። ወላጆች ስለ ሕክምናው ሲጠይቁ ቶሎ የሚመጣላቸው “ስንት ሰዓት ነው?”፣ “ኢንሹራንስ ይከፍላል ወይ?” የሚለው ነው። “ልጄን የሚያክመውን ሰው ማን፣ በየስንት ጊዜው፣ ምን እያደረገ ያየዋል?” የሚለው ጥያቄ ግን ከሰዓቱ ብዛት ያላነሰ ክብደት አለው። ጥሩ ዕቅድ ወረቀት ላይ ቀርቶ መጥፎ ልማድ ልጁ ላይ የሚያድረው፣ ወይም የተበላሸው የሚቃናው፣ እዚህ ላይ ነውና።

ጉዳዩ የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥርና መከላከል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2000 ባደረገው ክትትል ከ150 የ8 ዓመት ልጆች መካከል በ1 ልጅ ላይ ኦቲዝም መለየቱን መዝግቦ ነበር። በ2022 መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2025 ይፋ የሆነው አኃዝ ከ31 ልጆች 1 ደርሷል። ለጭማሪው ትልቁ ምክንያት የምርመራው መስፈርት መስፋቱ፣ የሐኪሞችና የወላጆች ግንዛቤ ማደጉና ቀድሞ ሳይታዩ ይቀሩ የነበሩ ልጆች መታየት መጀመራቸው እንደሆነ ባለሙያዎች ይናገራሉ።

ገንዘቡም ተከተለ። ኢንዲያና በ2001 የግል ኢንሹራንሶች የኦቲዝም ሕክምናን እንዲሸፍኑ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች፤ በ2019 ሃምሳዎቹም ክፍለ ግዛቶች ተመሳሳይ ድንጋጌ ነበራቸው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የሚከፍለው ሜዲኬይድም ከ21 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አስፈላጊ የሆነውን የኦቲዝም ሕክምና ክፍለ ግዛቶች እንዲሸፍኑ የፌዴራሉ መንግሥት በ2014 መመሪያ ሰጠ። በዚያው ዓመት፣ በ1998 የተቋቋመው የባህርይ ተንታኞች ማረጋገጫ ቦርድ የቴክኒሻኖችን የብቃት ማረጋገጫ መስጠት ጀመረ። ዛሬ ማረጋገጫውን የያዙት ቴክኒሻኖች ከ180 ሺህ በላይ ሲሆኑ እነርሱን የሚከታተሉት ሁለተኛ ዲግሪ ያላቸው ተንታኞች ግን ከዚህ ቁጥር ግማሽ አይሞሉም።

ይህ አሠራር፣ ማለትም አንድ አዋቂ ዕቅድ አውጥቶ ብዙ ወጣቶች የሚሠሩበት፣ ከሙያው ልደት ጋር አብሮ የመጣ ነው። ኦሌ ኢቫር ሎቫስ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሠርተው በ1987 ያሳተሙት ጥናት እስካሁን በየመድረኩ ይጠቀሳል። በጥናቱ 19 ትንንሽ ልጆች በሳምንት 40 ሰዓት ያህል፣ ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሕክምና አገኙ። ከ19ኙ ዘጠኙ በመደበኛ አንደኛ ክፍል ትምህርታቸውን መከታተልና በአእምሮ ብስለት ፈተናም ከእኩዮቻቸው ተርታ መመደብ ቻሉ። ልጆቹን በየቤታቸው እየሄዱ ያሠለጥኑ የነበሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ተማሪዎቹ በሎቫስና በባልደረቦቻቸው የሠለጠኑና በቅርብ የሚታዩ ነበሩ። ለሕዝቡ የደረሰው ግን “40 ሰዓት” የሚለው ቁጥር ነው፤ ከሰዓቱ ጀርባ የነበረው ክትትል አብሮ አልተነገረም።

ያ ጥናት እንከን ነበረበት። ልጆቹ በዕጣ አልተመደቡም፤ ከዘዴዎቹም መካከል ዛሬ ማንም ሊቀበለው የማይገባ ጩኸትና ጭን ላይ መምታት ይገኝበታል። ኮክሬን የተባለው የጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት በ2018 በዚህ መስክ መስፈርቱን ያሟሉ አምስት ጥናቶችንና በእነርሱ የተካተቱ 219 ልጆችን መርምሮ፣ ሕክምናው ለአንዳንድ ልጆች ጥቅም እንዳለው የሚያመላክት ደካማ ማስረጃ አለ ሲል ደምድሟል። “ይፈውሳል” የሚል ካለ ከማስረጃው አልፎ ሄዷል ማለት ነው። ማስረጃው የሚለው፣ በሚገባ ሲሠራ አንዳንድ ልጆች የመግባቢያና የዕለት ተዕለት ችሎታቸው ሊሻሻል ይችላል ነው። “በሚገባ ሲሠራ” የምትለዋ ሐረግ ምን እንደምትይዝ ለማየት ወደ አንዱ ክፍል መግባት ያስፈልጋል።

አንድ የ5 ዓመት ልጅ እናስብ። ቃላት ብዙም አይናገርም። ከቴክኒሻኑ ጋር ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የእንስሳት ሥዕል ይገጣጥማል። ሦስት ቁርጥራጭ ከገጠመ በኋላ ይቁነጠነጣል፣ አራተኛውን ይወረውራል፣ ይጮኻል። ቴክኒሻኑ ደግ ሰው ነው። “እሺ፣ እሺ፣ ደክሞሃል” ይልና ሥዕሉን ሰብስቦ ልጁን ወደሚዘልበት ላስቲክ ይወስደዋል። ልጁ ይረጋጋል፤ ቅጹ ላይ “ጩኸት፣ አንድ ጊዜ” ተብሎ ይጻፋል። ነገም እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። በወሩ መጨረሻ የጩኸቱ ቁጥር ወደ ላይ ሲወጣ ቴክኒሻኑ ግራ ይገባዋል፤ እርሱ እንደሚያውቀው ልጁን አንድም ቀን አላስከፋውም።

ሱፐርቫይዘሯ መጥታ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ሦስት ዓምድ ያለው ወረቀት ይዛለች፦ ከጩኸቱ በፊት ምን ነበረ፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ወዲያው ምን ተከተለ። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ የሦስተኛው ዓምድ ጽሑፍ ይደጋገማል፦ “ሥራው ቆመ”፣ “ሥራው ቆመ”፣ “ሥራው ቆመ”። ልጁ ባለጌ አይደለም፤ ቴክኒሻኑም ሰነፍ አይደለም። ልጁ የተማረው ነገር ቢኖር ጩኸት እረፍት እንደሚያመጣ ነው፤ ያስተማረው ደግሞ የቴክኒሻኑ ደግነት ነው።

ይህ አስተያየት ከሰማይ የወረደ አይደለም። ብራያን ኢዋታና ባልደረቦቻቸው በ1982 ባሳተሙት ጥናት፣ ራስን እንደ መምታት ያለ ከባድ ባህርይ እንኳ ለልጁ የሚሰጠው አገልግሎት እንዳለው በሙከራ አሳይተዋል። አንዱ ልጅ ትኩረት ያገኝበታል፣ ሌላው ከከባድ ሥራ ያመልጥበታል፣ ሌላው ደግሞ ስሜቱ ብቻውን ይበቃዋል። ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ በ1985 የሚቀጥለውን እርምጃ ጨመሩበት፤ ልጁ በጩኸት የሚያገኘውን ነገር በሌላ፣ በሚሻል መንገድ እንዲጠይቅ ማስተማር። ስለዚህ ሱፐርቫይዘሯ “ሲጮህ ዝም በለው” ብላ አትሄድም። የሚያርፍ ሰው ሥዕል ያለበት ካርድ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ልጁ መቁነጥነጥ ሲጀምር፣ ገና ሳይጮህ፣ ካርዱን አንስቶ እንዲሰጥ እጁን ትረዳዋለች። ካርዱ በተሰጠ ቅጽበት እረፍቱ ይመጣል። ልጁ ካርዱን በራሱ ማንሳት ሲለምድ “አንድ ብቻ ገጥመን እናርፋለን” ይባላል፣ ቆይቶም “ሁለት ብቻ”።

ይህን ለቴክኒሻኑ በቃል መንገር አይበቃም። የሠራተኛ ሥልጠናን ያጠኑ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያገኙት፣ ገለጻና የተጻፈ መመሪያ ብቻቸውን የሰውን አሠራር እንደማይቀይሩ ነው። ስለዚህ በሙያው የተለመደው አካሄድ አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ባለሙያዋ ምን መደረግ እንዳለበትና ለምን እንደሆነ ታስረዳለች። ቀጥላ ራሷ ሠርታ ታሳያለች። ከዚያ ቴክኒሻኑ ይለማመዳል፤ መጀመሪያ እርሷ ልጅ ሆና፣ በኋላም ከልጁ ጋር። በመጨረሻ ወዲያው፣ የሠራውን ለይታ እየጠቀሰች አስተያየት ትሰጠዋለች፦ “ካርዱን እንደሰጠህ ሥዕሉን ገለል አድርገሃል፣ ጥሩ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ግን አራት ሰከንድ ያህል ዘግይተሃል፣ እስከዚያ ጮኸ።” እስኪሳካ ድረስ ይደጋገማል።

ከጥግ የሚታየው ሌላም አለ። ቴክኒሻኑ ሦስት ሥዕሎች ደርድሮ “ውሻ የቱ ነው?” ሲል፣ ሳይታወቀው ዓይኑ ወደ ውሻው ሥዕል ይሄዳል። ልጁ ውሻውን ያነሳል፣ ቅጹ ላይ “ትክክል” ይሞላል፣ በሳምንቱ ሪፖርት 90 በመቶ ይሆናል። ቤት ሲሄድ እናቱ ብትጠይቀው አያውቅም። የተማረው የቴክኒሻኑን ዓይን ማንበብ እንጂ ውሻን መለየት አልነበረም። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ይህን በራሱ ላይ አያየውም፤ ከጎን የተቀመጠ ግን ያየዋል።

ቁጥሮቹ ራሳቸው ደግሞ መታመን አለባቸው። ለዚህም ሁለቱ ሰዎች ሳይነጋገሩ ያንኑ ክፍለ ጊዜ ለየብቻ ይመዘግቡና ያነጻጽራሉ። በልማድ መዛግብቱ ቢያንስ 80 በመቶ ካልተስማሙ ስለ ልጁ መሻሻል ከመነጋገር በፊት ስለ አመዘጋገቡ መነጋገር ይቀድማል። “ጩኸት” የሚባለው ምን ያህል ከፍ ያለ ድምፅ ነው? ማልቀስ ይቆጠራል? አንዱ ቴክኒሻን የሚቆጥረውን ሌላው ካልቆጠረው፣ ግራፉ የሚያሳየው የልጁን ለውጥ ሳይሆን የቴክኒሻኖቹን መቀያየር ነው።

ደንቡ ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ መሆን አለበት ይላል? የቦርዱ ዝቅተኛ መስፈርት ቴክኒሻኑ በወር ውስጥ ሕክምና ከሰጠበት ሰዓት ቢያንስ 5 በመቶው ክትትል እንዲደረግበት፣ በወር ቢያንስ ሁለት ጊዜ ፊት ለፊት ወይም በቀጥታ ቪዲዮ እንዲገናኙ፣ ከእነዚህም ቢያንስ በአንዱ ከልጁ ጋር ሲሠራ እንዲታይ ነው። በወር 100 ሰዓት የሠራ ቴክኒሻን አምስት ሰዓት ይታያል ማለት ነው። ይህ ቁጥር የሚሰላው ግን በቴክኒሻኑ ሰዓት ነው። ቴክኒሻኑ ሦስት ልጆች ካሉት፣ አምስቱ ሰዓት በአንደኛው ልጅ ላይ ቢያልቅም በወረቀት ደንቡ ተሟልቷል።

የኦቲዝም አገልግሎት ሰጪዎች ምክር ቤት የሚያወጣው የአሠራር መመሪያ ስሌቱን ከልጁ ይጀምራል፦ ለእያንዳንዱ 10 ሰዓት ቀጥተኛ ሕክምና 2 ሰዓት ያህል የባለሙያ ክትትል። ልዩነቱ በሳምንት 25 ሰዓት በሚታከም ልጅ ላይ ጎልቶ ይታያል። በ5 በመቶው ስሌት የሚደርሰው 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው፤ በምክር ቤቱ ስሌት 5 ሰዓት። መመሪያው ሙሉ ሕክምና የሚያገኙ ልጆችን የምትከታተል አንዲት ባለሙያ፣ ረዳት ከሌላት፣ ከ6 እስከ 12 ልጆች እንዲኖሯት ይመክራል። ይህ ምክር እንጂ ሕግ አይደለም፤ ከፍ ያለ ቁጥር የሚያሸክም አሠሪ የሚያቆመው ነገር ብዙ ጊዜ የለም።

ወላጅ ይህን በራሱ ሊያየው የሚችልበት ቀላል መንገድ አለ። ኢንሹራንስ ለባህርይ ሕክምና የሚከፍለው በ15 ደቂቃ እየቆረጠ ሲሆን እያንዳንዱ ሥራ መለያ ቁጥር አለው። 97151 ግምገማ ነው። 97153 ቴክኒሻኑ ከልጁ ጋር የሠራበት ጊዜ ነው። 97155 ባለሙያዋ ልጁ ባለበት ተገኝታ ዕቅዱን ያስተካከለችበት፣ 97156 ደግሞ ወላጅን ያሠለጠነችበት ነው። ከኢንሹራንስ በሚላከው የክፍያ መግለጫ ላይ 97153 ብቻ ገጽ ሞልቶ 97155 ከጠፋ፣ ወይም ባለሙያዋ መጥታለች በተባለበት ቀን ማንም ቤት ካልመጣ፣ ወላጁ የሚጠይቀው ነገር አለው ማለት ነው።

መጠየቁ ያለ ምክንያት መጠርጠር እንዳልሆነ የመንግሥት ኦዲተሮች አሳይተዋል። የአሜሪካ የጤናና ሰብአዊ አገልግሎቶች ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ የኢንዲያናን የ2019 እና የ2020 የሜዲኬይድ ክፍያዎች መርምሮ በታኅሣሥ 2024 ይፋ ባደረገው ሪፖርት፣ ቢያንስ 56 ሚሊዮን ዶላር ያለአግባብ መከፈሉን ገምቷል። በናሙና ከተወሰዱት 100 የልጅ ወራት (እያንዳንዱ አንድ ልጅ በአንድ ወር ያገኘው አገልግሎት ነው) መካከል ሙሉ በሙሉ ከጥርጣሬ ነጻ የሆነ አልተገኘም። አንዳንዱ መዝገብ የተከፈለበትን ሰዓት አያስረዳም፤ አንዳንዱ ሠራተኛ የሚፈለገውን ማረጋገጫ አልያዘም፤ የእንቅልፍና የመዝናኛ ሰዓት እንደ ሕክምና የተቆጠረበትም ነበር። እነዚህ ጉድለቶች አንድ በአንድ ሲታዩ፣ የዕለቱን ማስታወሻ ከክፍሉ ጋር የሚያመሳክር ሰው ቢኖር በመጀመሪያው ሳምንት ሊያዙ ይችሉ የነበሩ ናቸው።

የገበያውም ግፊት አለ። ብላክስቶን የተባለው ግዙፍ የኢንቨስትመንት ኩባንያ በ2018 “ካርድ” በሚል ምህጻር የሚታወቀውን፣ በአገሪቱ ከትልልቆቹ አንዱ የሆነውን የኦቲዝም ማዕከላት ድርጅት ገዛ። ድርጅቱ በሰኔ 2023 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ብዙ ማዕከላት አስቀድመው ተዘግተው ስለነበር ቤተሰቦች ሌላ ቦታ፣ ሌላ ወረፋ መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል። በዚህ ዘርፍ ቴክኒሻኖች ቶሎ ቶሎ ሥራ ይለቃሉ። ክፍያው ዝቅተኛ፣ ሥራው አድካሚ ነው፤ ልጅ ቀጠሮ ሰርዞ ሲቀር ሰዓቱ የሚቀነስባቸውም አሉ። በደንብ የሚያርማቸውና የሚያበረታታቸው ሱፐርቫይዘር ያላቸው ደግሞ የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ እንደሚሆን በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ይናገራሉ።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ግን አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋል፦ ልጁ እንዲማር የታቀደው ነገር ለልጁ ይጠቅመዋል የሚል። ያደጉ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች የሚያነሡት ተቃውሞ እዚህ ላይ ያርፋል። ልጅ እጁን ማርገብገቡ ማንን ይጎዳል? ዓይን ለዓይን መተያየት ለሚያስጨንቀው ልጅ “እየኝ” እያሉ ማሠልጠን ለማን ምቾት ነው? ብዙዎቹ በልጅነታቸው ያገኙት ሕክምና ራሳቸውን መደበቅን እንዳስተማራቸው ይመሰክራሉ። ቁጥጥር ብቻውን ከዚህ አያድንም። በማሳቹሴትስ የሚገኘው የጃጅ ሮተንበርግ ማዕከል ነዋሪዎቹን በኤሌክትሪክ ንዝረት ሲቀጣ የኖረው በዕቅድ፣ በመዝገብና በፍርድ ቤት ፈቃድ ነው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ መሣሪያውን በ2020 ቢያግድም በቀጣዩ ዓመት ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው፤ በ2022 መጨረሻ ኮንግረሱ ባለሥልጣኑ የማገድ ሥልጣን እንዳለው በሕግ አረጋገጠ። በዚያው 2022 ዓለም አቀፉ የባህርይ ትንተና ማኅበር ንዝረቱን የሚቃወም አቋም ወሰደ።

ከጥር 2022 ጀምሮ የሚሠራበት የባህርይ ተንታኞች የሥነ ምግባር ደንብ ከወላጅ ፈቃድ በተጨማሪ፣ በሚቻልበት ሁሉ የልጁ የራሱ እሺታ እንዲጠየቅ ያዛል። መናገር የማይችል ልጅ እሺታውን በሰውነቱ ይናገራል። ወደ ክፍሉ እየሮጠ ይገባል ወይስ በሩን ይዞ ይቀራል? እጁ ሲያዝ ይለሰልሳል ወይስ ይገፋል? በሰዓቱ ቁጥር የተጠመደ ቴክኒሻን ይህን ሊያልፈው ይችላል። ሱፐርቫይዘሯ ጥግ ላይ ስትቀመጥ ከምትመዘግባቸው ነገሮች አንዱ ይህ መሆን አለበት፤ ልጁ በተደጋጋሚ እምቢ ካለ የሚቀየረው ዕቅዱ ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች ይኸው ጥያቄ ሌላ መልክ ይጨምራል። የዕቅዱ ግቦች ሳይጠየቁ ከሌላ ቤት ልማድ ሊመጡ ይችላሉ። “ለ10 ሰከንድ የአዋቂን ዓይን ያያል” የሚለው ግብ፣ ልጅ ታላቁን ትክ ብሎ እንዳያይ ተደርጎ በሚያድግበት ቤት አያቱን ያስደነግጣል። “ምግቡን በማንኪያ ይበላል” የሚለው ግብ በእንጀራ ገበታ ዙሪያ ምን ያደርጋል? ይልቅ ቆርሶ መጠቅለልን፣ ከራሱ ፊት መብላትን፣ እጁን መታጠብን ማስተማር ከቤተሰቡ ጋር ያስቀምጠዋል። ጥሩ ሱፐርቫይዘር ዕቅዱን ከማውጣቷ በፊት “እናንተ ቤት እንዴት ነው?” ብላ ትጠይቃለች፤ ካልጠየቀችም ወላጁ ሊነግራት ይገባል።

ቋንቋን በተመለከተ “ልጁ እንዳይምታታበት እንግሊዝኛ ብቻ አናግሩት” የሚል ምክር ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ቆይቷል። በካናዳና በሌሎች አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ግን በሁለት ቋንቋ የሚያድጉ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በአንድ ቋንቋ ከሚያድጉት ወደኋላ እንደማይቀሩ አሳይተዋል። እናት በማታውቀው ቋንቋ ልጇን ስታባብል ግን ሁለቱም ይጎድላቸዋል። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ተቋም፣ የሜዲኬይድ ክፍያን ጨምሮ፣ እንግሊዝኛ በሚገባ ለማይናገር ቤተሰብ ያለ ክፍያ የቋንቋ እገዛ ማቅረብ ይጠበቅበታል። የወላጅ ሥልጠናው ሰዓት፣ የዕቅዱ ማብራሪያና የሚፈረምበት ወረቀት በአማርኛ እንዲተረጎም መጠየቅ መብት ነው። የልጁን ታላቅ እህት አስተርጓሚ ማድረግ ግን የሚያዋጣ አይደለም፤ ስለ ወንድሟ የሚነገረውን ከባድ ነገር ልታለሰልሰው ወይም ልትዘለው ትችላለች።

ኢትዮጵያ ውስጥ ታሪኩ የተጀመረው በአንዲት እናት ነው። ከአሜሪካ ተመልሰው የውበት ሙያ ማሠልጠኛ የከፈቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአራት ልጆች ጀመሩ። ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መናገር ባልተለመደበት ጊዜ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እየቀረቡ ወላጆች ልጆቻቸውን ከጓዳ እንዲያወጡ ሲወተውቱ ኖረው በ2021 አርፈዋል። ከጆይ በኋላ ነህምያን የመሳሰሉ ማዕከላትም በአዲስ አበባ ተከፍተዋል። ፍላጎቱ ግን ከማዕከላቱ አቅም እጅግ ይበልጣል፤ ከዋና ከተማዋ ውጭ ያለው ቤተሰብ የሚያገኘው አገልግሎትም በጣም ጥቂት ነው።

የአሜሪካውን ሰንሰለት እንዳለ ማምጣት አይቻልም። በ15 ደቂቃ የሚከፍል ኢንሹራንስ የለም። የአሜሪካው ማረጋገጫ ቦርድም ከ2023 ጀምሮ አዲስ ማረጋገጫ የሚሰጥባቸውን አገሮች ወደ ጥቂቶች ያጠበበ ሲሆን ኢትዮጵያ ከእነዚያ ውስጥ የለችም። ስለዚህ የተሞከረው መንገድ የተለየ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ለሆኑ፣ የዕድገት መዘግየት ወይም ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ክህሎት ሥልጠና ለኢትዮጵያ ተስማምቶ ተሞክሯል፤ ከሙከራው የተገኘውም በ2020 ታትሟል። ሥልጠናው ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። አሠልጣኞቹ ሐኪሞች መሆን የለባቸውም፤ የሠለጠነ የጤና ሠራተኛ፣ የማዕከል ሠራተኛ ወይም ልምድ ያለው ወላጅ ሊሆን ይችላል። ልጁን በየቀኑ የሚያስተምረው ደግሞ ቴክኒሻን ሳይሆን እናቱ፣ አባቱ ወይም አያቱ ናቸው። ልብስ ሲታጠፍ፣ ሲኒ ሲታጠብ፣ ሽንኩርት ሲላጥ ልጁ ተራ እንዲጠብቅ፣ እንዲያቀብል፣ እንዲጠይቅ ይለማመዳል።

እዚህም ቢሆን ከላይ የሚያይ ዓይን ከዕቅዱ ውስጥ ተካትቷል። ዋና አሠልጣኞች የቡድን አሠልጣኞቹን ሲሠሩ ይመለከታሉ፤ በመመዘኛ ቅጽ ይሞሉና አስተያየት ይሰጧቸዋል። አሠልጣኙ ወላጇ መልስ እስክትሰጥ ድረስ ጠበቀ ወይስ ራሱ መለሰላት? ሠርቶ አሳየ ወይስ በቃል ብቻ አስረዳ? የዓለም ጤና ድርጅት ሥልጠና በኢትዮጵያና በኬንያ በሰፊው ምን ውጤት እንደሚያመጣ ለማየት ስፓርክ የተባለ ፕሮጀክት ጥናት አካሂዷል።

ኢትዮጵያ ለዚህ የሚሆን መደላድል አላት። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ባለሙያዎችን በየቀበሌው አሰማርቷል። ስለ ሕፃናት የዕድገት እክል አጭር ሥልጠና የወሰዱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለእነዚህ ልጆች ያላቸው አመለካከት ካልወሰዱት የተሻለ ሆኖ እንደተገኘ ጥናት አሳይቷል። ጤና ጣቢያዎቹም ድጋፋዊ ክትትል የሚባለውን አሠራር በክትባትና በእናቶች ጤና ለዓመታት ሲሠሩበት ኖረዋል። ይህ ክትትል በዕቅዱ መሠረት የሚሄደው ተሽከርካሪ ሲገኝ፣ ነዳጅ ሲሞላና የውሎ አበል ሲፈቀድ መሆኑን ወረዳ ጤና ቢሮ የሠራ ሁሉ ያውቃል። የኦቲዝም ሥልጠናው ከጥናት ገንዘብ ወጥቶ ወደ መደበኛ በጀት ሲገባም፣ አሠልጣኟን በየወሩ ሄዶ የሚያይ ሰው መመደብና ወጪውን ከሥልጠናው ወጪ ጋር አንድ ላይ መያዝ የወረዳዎቹና የክልል ጤና ቢሮዎቹ ድርሻ ይሆናል።